ማራገቢያ፣ ወናፍና ጩኸት፤ በሬዲዮ ኃይል ማጉያ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲታይ ጠባብ ነው። በአማተር ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ኃይል ማጉያውን የሚያበርደው ማራገቢያ ጩኸቱ እንዴት እንደሚለዝብ የሚያስረዱ መመሪያዎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ የሚገጥማቸውን የስያሜ ችግር እንመለከታለን። ጠባብነቱ ለምርመራ የሚመች ነው፤ ምክንያቱም «ማጉያ»፣ «ጫጫታ»፣ «ማቀዝቀዣ»ና «ማፈን» የተባሉ አራት የታወቁ ቃላት በአንዲት የብረት ሣጥን ዙሪያ ተገናኝተው እርስ በርሳቸው ሲደነቃቀፉ ይታያሉ። በዚያችው ሣጥን ውስጥ ከሁለት እስከ ሦስት ሺህ ቮልት የሚደርስ ኃይል ሊኖር ስለሚችል፣ የቃል ስሕተት እዚህ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት በንባብ መሰናከል ብቻ አይወሰንም።

አማተር ሬዲዮ ስንል ፈቃድ አውጥቶ፣ ትርፍ ሳይሻ፣ ለዕውቀትና ለሙያው ፍቅር ሲል በሬዲዮ ሞገድ የሚገናኘውን ሰው ሥራ ማለታችን ነው፤ «ጀማሪ» ወይም «ልምድ የለሽ» የሚለው ፍች ለዚህ አይስማማም። በአገራችን ይህ ሥራ በይበልጥ የሚታወቀው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በአምስት ኪሎ በተቋቋመው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያ ሲሆን፣ በሌሎች አገሮች ያሉ የሙያው ወዳጆች «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» በተባለው የጥሪ መለያው ያውቁታል። የስያሜ ጥያቄ ግን በአንድ ክበብ ግድግዳ ውስጥ ተወስኖ ሊቀር አይገባውም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በኪቶ ፉርዲሳ ግቢው የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ያስተምራል፤ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞችም ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ ባለሙያዎች አሉ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በዐሳባችን የምናስቀምጠው አንባቢ በጅማ፣ በቦሳ ኪቶ ቀበሌ የሚኖር፣ ምናልባትም አፉን በአፋን ኦሮሞ የፈታና አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚያነብ ወጣት ባለሙያ ነው። ለእርሱ ግልጽ የሆነ ስያሜ ለሌላውም ይበጃል ብለን እናምናለን።

በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመው የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ፣ ኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተባለው ተቋም፣ ለዘመናዊ ዕውቀት አቻ ቃላት ለማግኘት ብዙ ደክሟል፤ በ1989 ዓ.ም. የወጣው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ከዚህ ዓይነቱ ድካም ፍሬዎች አንዱ ነው። ከዚያ አስቀድሞም የተሰማ ሀብተ ሚካኤል «ከሣቴ ብርሃን» በ1951 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ታትመው የቤቱንና የእጅ ሥራውን ቃላት አከማችተውልናል። ሒሳችን በእነዚህ ሥራዎች ላይ የተነጣጠረ አይደለም። ለእያንዳንዱ ቃል አቻ ካገኘ በኋላ ቃሉ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ አንባቢውን ምን እንደሚያሠራው ሳይጠይቅ በሚያልፈው የትርጕም ልማድ ላይ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት እንዲመች እኛው አንድ ዐረፍተ ነገር እናዘጋጅ፤ «የድምፅ ማጉያውን ማቀዝቀዣ ጫጫታ ለማፈን ፍጥነቱን ይቀንሱ።» በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ከአማርኛ ውጭ የሆነ ቃል የለም፤ የሰዋስው ግድፈትም አይገኝበትም። ሆኖም በአራት ስፍራ አንባቢውን ያሳስተዋል። በየተራ እንያቸው።

የመጀመሪያው «የድምፅ ማጉያ» የሚለው ነው። «ማጉያ» ከ«አጎላ» የወጣ የመሣሪያ ስም መሆኑ ግልጽ ነው፤ «ፈለፈለ» «መፈልፈያ»ን እንደሚሰጥ ሁሉ፣ «አጎላ»ም የመጨረሻውን «ለ» ወደ «የ» ለውጦ «ማጉያ»ን ይሰጣል። የቡና መፈልፈያ ለሚያውቅ የጅማ ሰው ይህ የቃል አፈጣጠር እንግዳ አይሆንበትም። ችግሩ «ድምፅ» የሚለው ቅጽል ከ«ማጉያ» ጋር ተጣብቆ መኖሩ ነው። በሕዝብ አነጋገር «ድምፅ ማጉያ» በስብሰባና በሠርግ ቤት የሰውን ቃል የሚያጎላው መሣሪያ ነው። በአማተር ጣቢያ ያለው ማጉያ ግን ከአስተላላፊው የተቀበለውን የሬዲዮ ሞገድ ኃይል ጨምሮ ወደ አንቴና የሚሰድ እንጂ ለጆሮ የሚሰማ ነገር የሚያወጣ አይደለም። «የድምፅ ማጉያው ድምፅ ይቀነስ» የተባለ አንባቢ የድምፅ ማስተካከያውን ወደ ግራ ያዞረዋል፤ በዚህም ማራገቢያው ከመጮኽ አይመለስም። ስለዚህ ዕቃው «ኃይል ማጉያ»፣ ሲያስፈልግም «የሬዲዮ ኃይል ማጉያ» ሊባል ይገባዋል።

ሁለተኛው «ጫጫታ» ነው። ጫጫታ በተፈጥሮው የብዙ አፍ ሥራ ነው፤ ወፎች ይንጫጫሉ፣ ሕፃናት ይንጫጫሉ። አንድ ማራገቢያ ብቻውን አይንጫጫም። ከዚህ የሚከፋው ግን ተርጓሚዎች ይህንኑ ቃል ለሁለት የተለያዩ ነገሮች መስጠታቸው ነው። አንደኛው በአየር ተጕዞ ጆሮ የሚመታው የማራገቢያው ጩኸት ነው፤ ሁለተኛው በተቀባዩ ውስጥ ከሚፈለገው መልእክት ጋር ተደባልቆ የሚመጣው የኤሌክትሪክ መታወክ ነው። አንዳንድ የአውሮፓ ቋንቋዎች ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራታቸው እኛን አያስገድደንም። የመጀመሪያውን «ጩኸት»፣ ሁለተኛውን «ረብሻ» ብንለው አማርኛ ያለውን ልዩነት ተጠቀምንበት ማለት ነው፤ ሌላ ሰው ሆን ብሎ የሚያደርገውን ለ«ማወክ» እንተወው።

ይህ ክፍፍል ለቃላት ውበት ሲባል ብቻ የቀረበ እንዳይመስል አንድ ማስረጃ እንጨምር። በቀጥተኛ ኮረንቲ የሚሠሩትና ፍጥነታቸው ኮረንቲውን በፍጥነት በመቆራረጥ የሚወሰን ማራገቢያዎች ሁለቱንም ችግር በአንድነት ሊፈጥሩ ይችላሉ። ላባዎቻቸው አየሩን ሲቈርጡ ይጮኻሉ፤ የኮረንቲው መቆራረጥ ደግሞ በሽቦው በኩል ወጥቶ ተቀባዩን ይረብሻል። ለጩኸቱ መድኃኒቱ የጎማ ማረፊያ ወይም ሰፊ ላባ ነው፤ ለረብሻው መድኃኒቱ በሽቦው ላይ የሚጠለቅ የፌራይት ቀለበት፣ ካፓሲተርና የብረት ሽፋን ነው። ሁለቱን «ጫጫታ» ያለ መመሪያ አንባቢውን ሬዲዮው ሲረበሽ ጎማ እንዲገዛ ይልከዋል።

«ጩኸት»ም ቢሆን የወል ስም ነው። አማርኛ በድምፅ ስሞች የበለጸገ ቋንቋ እንደመሆኑ፣ ተርጓሚው በዝርዝሩ ቢጠቀም ስሙ ራሱ ጥገናውን ያመለክታል። ወንፊቱ ወይም መከለያው ከላባው ጋር እጅግ ተቀራርቦ አየሩ ሲጠብበት የሚሰማው «ፉጨት» ነው፤ መድኃኒቱም ክፍተቱን ማስፋት ነው። ኩሽኔታው ሲያልቅ ወይም ብሎኑ ሲላላ የሚሰማው «ኳኳታ» ነው፤ ኩሽኔታው ይለወጣል፣ ብሎኑ ይጠብቃል። ትራንስፎርመሩ በ50 ኸርዝ ኮረንቲ ሲሠራ በእጥፉ፣ በ100 ኸርዝ የሚያሰማው «ጉምጉምታ» ነው፤ ይህን ማራገቢያ በመለወጥ ማስወገድ አይቻልም። የሞተሩ መንቀጥቀጥ ወደ ሣጥኑ፣ ከሣጥኑም ወደ ጠረጴዛው ሲተላለፍ ደግሞ ነገሩ «ንዝረት» ነው፤ በሞተሩና በሣጥኑ መካከል ጎማ ይገባበታል። በአንድ «ጫጫታ» ውስጥ ተደፍጥጠው የነበሩት እነዚህ አራት ስሞች ጠጋኙን ወደ አራት የተለያዩ ቦታዎች ይመሩታል።

ሦስተኛው «ማቀዝቀዣ» ነው። ይህ ቃል በከተማ አነጋገር ምግብና መጠጥ ለሚቀዘቅዝበት ዕቃ ተሰጥቶ አልቋል። ደግሞም ኃይል ማጉያው እንዲቀዘቅዝ የሚጠይቀው የለም፤ የተረፈው ሙቀት እንዲወርድለት ብቻ ነው የሚፈለገው። ለዚህ አማርኛ «ማብረድ» አለው፤ ቁጣ ይበርዳል፣ ጠብ ይበርዳል፣ ከልኩ ያለፈ ነገር ሁሉ ወደ ልኩ ሲመለስ በረደ ይባላል። የሙቀቱም መጠን ቀላል አይደለም። ከሚበላው ኃይል 60 በመቶውን ወደ ሞገድ የሚለውጥ ማጉያ አንድ ሺህ ዋት ወደ አንቴና ለመስደድ ከ600 ዋት በላይ የሚሆነውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ይህም በአነስተኛ የኤሌክትሪክ ምድጃ ልክ ነው። ስለዚህ «ማብረድ»ን ለድርጊቱ፣ «ማብረጃ»ን ለጠቅላላው ሥርዐት እንድንወስድ እናሳስባለን።

አየሩን የሚገፋውን ዕቃ በተመለከተ ግን አንድ ስም አይበቃም። እዚህ ላይ የጽሑፋችን ዋና ነጥብ ይገኛል። «ማራገቢያ» በቡና ማፍያ አጠገብ ከሰል የሚራገብበት የስንደዶ ሥራ ስም ሆኖ የኖረ ነው፤ ሰፊ አየር በትንሽ ግፊት ያንቀሳቅሳል። «እሳቱን ያቀጣጠለው ዕቃ ለማብረጃ ስም እንዴት ይሆናል» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ቃሉ የሚሰይመው ግን እንቅስቃሴውን እንጂ ውጤቱን አይደለም፤ «ወሬ አራገበ» ማለታችንም ይህንኑ ያሳያል። ስለዚህ ላባዎቹን በግልጽ አየር ውስጥ ለሚያሽከረክረው መሣሪያ «ማራገቢያ» ተስማሚ ስም ነው።

ነገር ግን በብዙ የቫልቭ ማጉያዎች ውስጥ አየሩ በቫልቩ መቀመጫ ሥር ካለው ጠባብ መተላለፊያ ገብቶ በቀጫጭን የብረት ክንፎች መካከል ማለፍ አለበት። ይህን ማራገቢያ አይችለውም፤ አየሩን ጨምቆ በአንድ አፍ የሚያስወጣ፣ ቀንድ አውጣ የመሰለ ቤት ያለው ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል። ለዚህ አማርኛ ከብረት ቀጥቃጩ ቤት «ወናፍ»ን ያቀርብልናል። ወናፍ አየርን በግፊት፣ በጠባብ አፍ፣ ወደ አንድ በታወቀ ስፍራ ይሰዳል፤ የመሣሪያውም ባሕርይ ይኸው ነው። በእርግጥ የቀጥቃጩ ወናፍ እስትንፋሱ የሚቆራረጥ ሲሆን የኤሌክትሪኩ አያቋርጥም። ይህን ልዩነት «የኤሌክትሪክ ወናፍ» የሚለው ዝርዝር በቂ ያደርገዋል እንላለን። በቡና ከተሞች ያለ አንባቢም ገለፈትን በነፋስ ኃይል ከፍሬው የሚለየውን መቀሸሪያ ካየ፣ በግፊት የሚላክ አየር ምን እንደሆነ ለማወቅ አይቸገርም።

ሁለቱን መለየት ግዴታ የሚሆነው ጩኸትን ለማለዘብ ሲታሰብ ነው። የማራገቢያ ፍጥነት በግማሽ ቢቀነስ ጩኸቱ በ15 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል፤ የሚገፋው አየር ግን በዚያው ልክ በግማሽ ይጎድላል። ስለዚህ የታወቀው ምክር ትንሹን ፈጣን ማራገቢያ በትልቅና በዝግተኛ መለወጥ ነው። ባለ 80 ሚሊሜትሩ ቅርጹን በመሰለ ባለ 120 ሚሊሜትር ቢተካ፣ አዲሱ በቀድሞው ፍጥነት 30 በመቶ ገደማ እየዞረ ያንኑ ያህል አየር ያንቀሳቅሳል። የአየሩ ግፊት ግን ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። ለትራንዚስተር ማጉያ፣ ክንፋም ብረቱ በግልጽ ለተቀመጠበት፣ ይህ መልካም ምክር ነው። ለቫልቩ ጠባብ መተላለፊያ ግን ጥፋት ነው፤ አየሩ ወደ ውስጥ መግባት ያቅተውና ቫልቩ በጸጥታ ይቃጠላል። መመሪያው ሁለቱንም መሣሪያ «ማራገቢያ» ብሎ ከጠራ ለአንዱ የተሰጠው ምክር ለሌላው መርዝ ይሆናል።

አራተኛው «ማፈን» ነው። አፈነ ለድምፅም ለትንፋሽም የሚነገር ግሥ ነው፤ አደጋውም ከዚህ ይመነጫል። «ጩኸቱን ያፍኑ» የተባለ ሰው የሣጥኑን ቀዳዳ በጨርቅ ቢደፍን ግሡን በትክክል ተረድቷል ማለት ይቻላል፤ መሣሪያው ግን ይታፈናል። «ማጥፋት»ም እንዲሁ ነው። ብዙ የሴራሚክ ቫልቮች የውስጥ ክራቸው ከመጋሉ በፊት ወይም ከመጋሉ ጋር ወናፉ እንዲሠራላቸው ይፈልጋሉ፤ ማጉያው ከጠፋም በኋላ ሙቀቱ እስኪወጣ ወናፉ ጥቂት ደቂቃ ቢቆይ ይመረጣል። ጩኸትን አጥፋ የተባለ ሰው ይህን ጠቃሚ ጩኸት በቅድሚያ ያጠፋል። «ማለዘብ» የሚለው ግሥ ግን ነገሩ እንዲቀጥል ፈቅዶ ሻካራነቱን ብቻ ይቀንሳል፤ ለዘብ ያለ ድምፅ የሚሰማ ድምፅ ነው። ስለዚህ ለዚህ ተግባር «ማለዘብ»ን እንመርጣለን።

በዚሁ ክፍል የማስጠንቀቂያው ቃል ቦታም ሊታሰብበት ይገባል። ወናፉን ለመፈተሽ ክዳን ሲከፈት፣ መሣሪያው ከኮረንቲ ተነቅሎም እንኳ በካፓሲተሮቹ ውስጥ የቀረው ኃይል ሰው ሊገድል ይችላል። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ማሠሪያ አንቀጹን በመጨረሻ የሚያስቀምጥ በመሆኑ፣ «ክዳኑን ይክፈቱ» ከተባለ በኋላ በሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ዘግይቷል። «ኮረንቲው ተነቅሎ፣ ካፓሲተሮቹ ባዶ መሆናቸው በመለኪያ ከተረጋገጠ በኋላ ክዳኑን ይክፈቱ» ብንል የቋንቋው ሥርዐት ራሱ ጠባቂ ይሆነናል።

ከቃላቱ ባሻገር ቍጥሮችም መተርጐም አለባቸው። የቫልቭ ሠሪዎች የሚያስፈልገውን አየር መጠን በቅድሚያ የሚሰጡት በባሕር ጠለል ላይ ላለ ቦታ ነው። ጅማ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ አየሯም ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ በአዲስ አበባ ጉድለቱ ከ20 በመቶ በላይ ይደርሳል። ሙቀትን ይዞ የሚሄደው የአየሩ ክብደት ስለሆነ፣ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ወናፉ ብዙ አየር መግፋት አለበት። በዚህ ላይ ፍጥነቱ በኮረንቲው ድግግሞሽ የሚወሰንና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሞተር በእኛ 50 ኸርዝ ላይ ሲሠራ በአንድ ስድስተኛ ያህል ይዘገያል። ሁለቱ ጉድለቶች ሲደመሩ በቦሳ ኪቶ ቫልቩን የሚያልፈው አየር ክብደት መመሪያው ካሰበው በ30 በመቶ ያህል ያንሳል። ስለሆነም «ፍጥነቱን ይቀንሱ» የሚለው ምክር በባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው ልክ ሆኖ ለጅማው ሰው ስሕተት ሊሆን ይችላል። ይህን በግርጌም ቢሆን ሳያመለክት የሚያልፍ ትርጕም ቃላቱ ቢስማሙም ምሉእ አይደለም።

«ይህ ሁሉ ከሚሆን የውጭውን ቃል እንዳለ መውሰድ አይሻልምን» የሚሉ አሉ። ትውስት ቃልን በጅምላ አንጠላም። «ኩሽኔታ»ና «ብሎን» ከጣልያንኛ መጥተው በጋራዥ ቤት አገልግለዋል፤ ምትክ አንፈልግላቸውም፤ «ቫልቭ»ና «ትራንዚስተር»ም እንዲሁ ይቆዩ። ይሁን እንጂ ትውስት ቃል ሁልጊዜ ግልጽነትን ይዞ አይመጣም። «ባልቦላ» የጣልያንኛ ምንጩ የሬዲዮ ቫልቭንም የሚጠራ ሆኖ ሳለ፣ በእኛ ዘንድ የሚያገለግለው ኮረንቲ ሲበዛ ለሚቃጠለው መቍረጫ ነው፤ ከምንጩ ተነሥቶ ቫልቭን «ባልቦላ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ ጠጋኙን ወደ ሌላ ዕቃ ይልከዋል። «ፋን»ና «ቬንትሌተር»ም በግልጽ አየር ከሚዞረው ማራገቢያ አልፈው ወናፉን ለይተው አይጠሩልንም። ልዩነቱን የሚያስፈልገው ሰው ልዩነቱ አስቀድሞ በቋንቋው ውስጥ ካለ ከዚያ መውሰዱ ይቀለዋል።

እንግዲህ የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ዕቃው «ኃይል ማጉያ» ይባል፤ የአየር መሣሪያው እንደ አሠራሩ «ማራገቢያ» ወይም «የኤሌክትሪክ ወናፍ»፤ ተግባሩ «ማብረድ»፤ ለጆሮ የሚሰማው «ጩኸት» ሆኖ በዝርዝር «ፉጨት»፣ «ኳኳታ»፣ «ጉምጉምታ»፤ በእጅ የሚዳሰሰው «ንዝረት»፤ በተቀባዩ የሚገባው «ረብሻ»፤ ጩኸቱን መቀነስ «ማለዘብ»። በዚህ መሠረት ከላይ ያየነው ዐረፍተ ነገር ለትራንዚስተር ማጉያ «የኃይል ማጉያውን ማራገቢያ ጩኸት ለማለዘብ በሰፊና በዝግተኛ ማራገቢያ ይተኩት» ይሆናል፤ ለቫልቭ ማጉያ ደግሞ «የወናፉ ፍጥነት ሳይቀነስ ሞተሩን በጎማ ላይ ያሳርፉት» የሚል ሌላ ዐረፍተ ነገር ያስፈልገዋል። አንዱ ዐረፍተ ነገር ሁለት መሆኑ የትርጕሙ መርዘም አይደለም፤ ቀድሞም ነገሩ ሁለት ነበር።

እነዚህ ስያሜዎች በጉባኤ ከመጽደቃቸው በፊት በሥራ ቦታ እንዲፈተኑም እናሳስባለን። ፈተናው ውድ አይደለም። ከኮረንቲ የተነቀለና ኃይሉ የወጣ አንድ ማጉያ በጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ዐረፍተ ነገሩ በጅማም ሆነ በአዲስ አበባ ላለ ጠጋኝ ይነበብለት፤ ከዚያም እጁ ወደ የትኛው ክፍል እንደሚሄድ ይታይ። እጁ ወደ ድምፅ ማስተካከያው ከሄደ ስያሜው ወድቋል፤ ወደ ወናፉ ማረፊያ ከሄደ በመዝገብ ሊገባ ይችላል።